በሴቶች አረፋ የተለቀሙት እንቁላሎች

የሴት እንቁላል ከወጣች በኋላ ዕድሜዋ አንድ ቀን ገደማ ነው። በዚያ ቀን የወንድ ዘር ካላገኛት ትከስማለች፤ ሌላዋን ለማየት ወር መጠበቅ ነው። ይህን ያወቅሁት ካገባሁ ስድስት ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ቡታጅራ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ፤ የሳይንስ ሰው አይደለሁም። ቢሆንም እስከ ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል። በእነዚያ ዓመታት ስለ ማህጸኔ ምክር ያልሰጠኝ ሰው አልነበረም፤ ከጎረቤት እስከ ታክሲ ረዳት። ይቺን አንዲት ነገር ግን የነገረኝ የለም። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ለተናደደች፣ ወይም ገና ለምትናደድ ሴት ነው።

ባለቤቴ ከድር መርካቶ ጨርቅ ይሸጣል። እንደ አብዛኛው የአገራችን ወንድ ሥራው አዲስ አበባ፣ ቤቱ ቡታጅራ ነው። በወር አንዴ፣ ገበያው ሲቀዘቅዝ ሁለቴ፣ አርብ ማታ ይመጣና እሑድ ከሰዓት ይመለሳል። ለአረፋ ሱቁን ዘግቶ ሳምንት ይቀመጣል። እኔ ከእናቱ ከእማ ረዲያ ጋር ቤቱን እጠብቃለሁ። ባላቸው ሞተዋል፤ ከከድር ሌላ ልጅ የላቸውም። እሳቸውን ብቻቸውን ትቼ ባሌን ተከትዬ አዲስ አበባ ብገባ አገር ጉድ ይለኝ ነበር። ስለዚህ ባል አለኝ እላለሁ እንጂ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ነበር።

እኛ ጋ "የአረፋ ልጅ" የሚባል አለ። ወንዱ ሁሉ ለበዓሉ ከያለበት ይገባል፣ ይበላል፣ ይሄዳል፤ ከዘጠኝ ወር በኋላ የማዋለጃው ክፍል ይጨናነቃል። ባገባሁ ጊዜ የመጀመሪያው አረፋ ሲያልፍ እማ ረዲያ ሆዴን በዓይናቸው መለካት ጀመሩ። ሁለተኛው ሲያልፍ ምግብ ያበዙልኝ ጀመር። ሦስተኛው ሲያልፍ ዝም አሉ፤ እሱ ባሰ።

የወር አበባዬ ይዛባ ነበር። አንዳንዴ ሁለት ወር ይጠፋና ሲመጣ ወገቤን እየቆረጠ ያስተኛኛል። ቡታጅራ የሄድኩበት አንድ ክሊኒክ "ኢንፌክሽን ነው" ብሎ እንክብል ሰጠኝ። ጨርሼ ስመለስ ያንኑ ደገመልኝ፤ ከዚያም ሠለሰልኝ። ሌላው በአልትራሳውንድ አየኝና "እንቁላል ማምረቻሽ ላይ ውኃ የቋጠረ እብጠት አለ፣ በቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት" አለ። ያን ጊዜ ፍርሃት ይሁን እልኸኝነት፣ አልቆረጥም ብዬ ወጣሁ። እብጠት የተባለው በየወሩ እንቁላሏን ይዞ የሚያድገው ከረጢት ራሱ እንደነበር የተነገረኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ሊያወጡልኝ የነበረው የምፈልገውን ነገር ነበር።

ሁሉም ክሊኒክ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ "ከባለቤትሽ ጋር አብራችሁ ነው የምትኖሩት?" እኔም "አዎ" እላለሁ። ወላሂ ዋሽቼ አይደለም። አልተፋታንም፣ አልተጣላንም፣ ልብሱ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ነው፤ ታዲያ አብረን አይደለም እንዴ የምንኖረው? እናቴም ከአባቴ ጋር የኖረችው እንደዚያ ነው። ጠያቂዎቹም የዚሁ አገር ልጆች ስለሆኑ "አዎ" ሲባሉ ጽፈው ያልፋሉ።

ወልቂጤ ጎበዝ የማህጸን ሐኪም አለች ሲሉኝ እዚያ ድረስ ሄድኩ። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ከእኔ በቀር ሁሉም እርጉዝ ነበር። አንዷ ወንበር ለቀቀችልኝና "ስንተኛ ወርሽ ነው?" አለችኝ። "ገና ነኝ" አልኳት፤ ሌላ ምን ልበል? ተራዬ ደርሶ ስገባ ሐኪሟ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀች፤ እኔም ያንኑ መለስኩ። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ቀና አለች።

"ሙኒራ፣ ትናንት ማታ ባልሽ የት አደረ?"

"አዲስ አበባ።"

"ከትናንት ወዲያስ?"

"አዲስ አበባ። ሥራው እዚያ ነዋ።"

"ታዲያ መቼ ነው የምትገናኙት?"

"ሲመጣ።"

ሳቀች፤ ግን የንቀት አልነበረም። ወረቀት ላይ ማህጸን ሥላ እንቁላሏ መቼ እንደምትወጣ፣ ስንት ሰዓት እንደምትቆይ አስረዳችኝ። "እንቁላልሽ ማክሰኞ ወጥታ ረቡዕ ትሞታለች፤ ባልሽ አርብ ይመጣል። ማን ከማን ይገናኝ?" አለችኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ መካን ስባል የኖርኩት በዚህ ነው እንዴ ብዬ እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስኩ፤ ከንዴት ብዛት።

ነገሩ ግን በዚህ ቢያልቅ ደግ ነበር። እንቁላል የሚያበስል እንክብል ሰጥታኝ ቀኑ ሲደርስ ለከድር "ና" እያልኩ መደወል ጀመርኩ። እሱም በሥራ ቀን ሱቅ ዘግቶ ይመጣል። እማ ረዲያ ሐሙስ ጠዋት ቤት ውስጥ ሲያዩት "ከሰርክ?" ይሉታል፤ "አይ፣ ናፍቃችሁኝ ነው" ይላል። ወራት እንዲህ ሄድን። ምንም የለም። በመጨረሻ ሐኪሟ ማህጸን ውስጥ ቀለም ያለው ፈሳሽ ተጨምሮ የሚነሳ ራጅ አዘዘች። ሕመሙ ጥርስ ያስነክሳል። ውጤቱ ሲመጣ ሁለቱም ቱቦዎቼ፣ እንቁላሏ ወደ ማህጸን የምትሄድባቸው መንገዶች፣ ዝግ ናቸው። ምናልባት የድሮ ኢንፌክሽን ጠባሳ ይሆናል አለች። የደም ምርመራው ደግሞ የእንቁላሌ ክምችት ለዕድሜዬ እንዳነሰ አሳየ።

"አሁን ያለው አማራጭ እንቁላሎቹን አውጥቶ ከባልሽ ዘር ጋር ላቦራቶሪ ውስጥ ማዋሃድ፣ ፅንስ ሲሆን ወደ ማህጸን መመለስ ነው። አዲስ አበባ ይሠራል። ከቆየሽ ግን የሚወጣ እንቁላል ላይኖር ይችላል" አለችኝ።

ከድር ለአዲስ ዕቃ የያዘውን ብር ለአንድ ሙከራ አዋልነው። ለሁለተኛ አይበቃም፤ ሁለታችንም እናውቃለን፣ አንናገረውም። አንድ ሼኽ ጠይቀን ዘሩም እንቁላሉም የባልና የሚስት እስከሆነ ድረስ ችግር የለውም አሉን። ለእማ ረዲያ አልነገርንም። "ሆኖ ሲገኝ እንነግራቸዋለን" አለ ከድር። ከድር ማንኛውንም የሚያስጨንቅ ነገር በ"ኢንሻአላህ" ሸፍኖ ማሳደር የሚችል ሰው ነው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። በዚያው ሰሞን ጎረቤታችን ቅቤ ልትበደር መጥታ "ዘንድሮ እንግዳ በዝቶባችኋል አሉ፤ ከእንሴኖም ይመጣሉ አይደል?" አለችኝ። እንሴኖ ዘመድ የለንም። ነገሩን ሳጣራ የደረስኩበት እንዲህ ነው፦ እማ ረዲያ የከድርን አጎት ሐጂ ሸምሱን ይዘው፣ እንሴኖ አንዲት ልጅ ዓይተው፣ አረፋ ላይ ዘመድ ሁሉ ሲሰበሰብ ለከድር ሁለተኛ ሚስት ሊያነሱለት ነው። እኛ ጋ የቤተሰብ ጉዳይ የሚቆረጠው አረፋ ላይ ነው፤ ጋብቻውም፣ የመሬቱም ጠብ፣ ሁሉም። ወንዱ ሁሉ አንድ ላይ የሚገኘው ያኔ ብቻ ነው።

ለከድር ደወልኩለት። "ኢንሻአላህ ምንም አይፈጠርም" አለኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

መርፌው ተጀመረ። ሆዴ ላይ ራሴው የምወጋው ነው፤ በአንድ ጊዜ ብዙ እንቁላል እንዲበስል ያደርጋል። ሐኪም ቤት የምሄድበትን ቀን "የመምህራን ሥልጠና አለብን" እያልኩ በማለዳ ሚኒባስ አዲስ አበባ ወጥቼ ማታ እመለስ ነበር። የዚያ መጠበቂያ ክፍል ከወልቂጤው ይለያል፤ ማንም ማንንም አያይም። ሁላችንም ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጠን ስለ ኬክ አሠራር እንማራለን። አንዲት ነጠላ የለበሰች ሴት ብቻ አንድ ቀን ነርሷን መርፌው ያቃጥለኛል ስላት ሰምታ "መርፌውን ከፍሪጅ እንዳወጣሽ አትውጊው፤ ትንሽ ይሙቅ፣ አያቃጥልሽም" አለችኝ። ስሟን እንኳ አላወቅሁም፤ ዱዓ ሳደርግ ግን እስከ ዛሬ አነሳታለሁ።

መርፌዎቹ ያሉት ቤታችን ፍሪጅ ውስጥ፣ ከቅቤው ኋላ ነበር። እማ ረዲያ አንድ ቀን አገኟቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚያቀርቡልኝ ሻይ ስኳር የለውም። መጀመሪያ ተናድደውብኝ መሰለኝ። ቴምር እንኳ ከፊቴ ሲያነሱ ነው የገባኝ፤ ስኳር በሽታ ይዟት ደብቃናለች ብለዋል። ጣውንት ሊያመጡብኝ ሽማግሌ እየጠሩ ጤናዬን ይጠብቁልኛል። ሰው እንዴት እንዲህ ይሆናል? መራራ ሻዬን እየጠጣሁ ልጠላቸው ሞከርኩ፤ ያን ያህል አልሆነልኝም።

የምፈራው ቀን ደረሰ። አልትራሳውንዱ ላይ የነበረችው ሐኪም "ከረጢቶቹ ደርሰዋል፤ ነገ ማታ የመጨረሻውን መርፌ ትወጊያለሽ፣ ከዚያ በተቀጠረው ሰዓት እናወጣቸዋለን" አለችኝ። ቀኑን ስሰማ ደነገጥኩ። የሴቶች አረፋ ነው። የወንዶቹ አረፋ የሚታረድበት ነው፤ ከሱ በፊት ያለው ግን የኛ ነው። ጎመኑ፣ አይቡ፣ ቅቤው፣ የቤቱ ሙያ ሁሉ የሚታየው ያኔ ነው። በዚያ ቀን ከቤቷ የጠፋች ምራት አላውቅም።

"ከበዓል በኋላ ብናደርገውስ?" አልኳት።

"እንቁላሎቹ በዓል አያውቁም። ካለፈ ራሳቸው ይወጡና ይጠፋሉ።"

ብሄድ ለሐጂ ሸምሱ ምክንያት ሰጠኋቸው፤ ልጅ አልወለደች፣ ቤትም አልጠበቀች። ብቀር ያለችኝ አንድ ዕድል እዚሁ ሆዴ ውስጥ ፈስሳ ትቀራለች፤ እኔም ጎመን እየከተፍኩ ለጣውንቴ ሽማግሌዎች አቀርባለሁ። የመጨረሻውን መርፌ ከወጋሁ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሆዴ ተነፍቶ በጎኔ መተኛት አቅቶኝ ጣራ ሳይ አደርኩ። የትም መሄጃ የለኝም፤ በሩ ሁሉ ወደዚያው ቤት ነው የሚመልሰኝ።

በማግስቱ ከሰዓት እማ ረዲያ ጓዳ ውስጥ ቅቤ ሲያነጥሩ አገኘኋቸው።

"እማ፣ ዛሬ አዲስ አበባ ልሄድ ነው። ነገ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ።"

ማማሰያውን አላቆሙም። "ለስኳሩ ነው? ከአረፋ በኋላ አይሆንም?"

"ስኳር የለብኝም፣ እማ።"

ነገርኳቸው፤ ሁሉንም። ቱቦውን፣ መርፌውን፣ እንቁላሎቼ ወጥተው ከከድር ዘር ጋር እንደሚዋሃዱ። ድስቱን አወረዱት።

"ከሌላ ሰው ጋር ቢቀላቅሉትስ?"

"ስማችን ተጽፎበት ነው። ሼኽም ጠይቀናል፤ ይቻላል ብለዋል።"

"ለሼኽ ነግራችሁ ለኔ አልነገራችሁኝም?"

"እርስዎስ? ለእንሴኖዎቹ ነግረው ለኔ መቼ ነገሩኝ?"

ለአማት እንዲህ አይመለስም። እማ ረዲያ ጉልበታቸውን ይዘው ዱካው ላይ ተቀመጡ።

"የከድር አባት አዲስ አበባ ሌላ ሚስት ነበረችው" አሉ። "የሰማሁት ሲሞት ነው። ለቅሶ ላይ ልጆቹ መጡ፤ ቁርጥ እሱን። እኔ እዚህ ቤቱን ስጠብቅ። አንቺ እንደኔ በለቅሶ እንዳትሰሚ ነው፣ ሌላ ካመጣም የምናውቃት ትሁን ያልኩት።"

ይህን ከድር አንድም ቀን ነግሮኝ አያውቅም። አሳዘኑኝ፤ ግን ንዴቴም አልበረደም፤ ሁለቱም አንድ ላይ ነበሩ።

"ሐጂን የጠራሁት እኔ ነኝ፤ የጠራሁትን እንግዳ አትምጣ አልልም" አሉ። ከዚያ ድስቱን መልሰው ጣዱት። "ሂጂ በይ። መኪና ያልቅብሻል። ጎመኑን እኔ እከትፈዋለሁ።"

መኪና አላለቀብኝም። አገሩ ሁሉ ወደ ቡታጅራ እየወረደ፣ አውቶቡሱ ጣራው ላይ ፍራሽና በግ ጭኖ ሲመጣ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ የነበርነው እኔና ሁለት ወታደሮች ብቻ ነን። ረዳቱ "አንቺ አረፋን ሸሽተሽ ነው?" አለኝ።

በሴቶች አረፋ ጠዋት ከድር ከጎኔ ነበር። የሱም ዘር በዚያው ሰዓት ያስፈልጋል። የአጎቱ ልጆች ሁሉ ሌሊት ሲወርዱ "እከተላችኋለሁ" ብሎ ቀርቷል። ነርሷ ምግብም ውኃም አልቀመስሽም ወይ ስትለኝ ሳቅ አፈነኝ፤ የዚያን ቀን ሙስሊሙ ሁሉ ጾመኛ ነው፣ እኔም ለማደንዘዣው ብዬ ጾሜአለሁ። መርፌ ክንዴ ላይ ገባ፤ ሌላ አላስታውስም። ስነቃ ከድር እጄን ይዞ "ሰባት" አለኝ። "ሰባት አግኝተዋል።" ከተጋባን እንደዚያ አልቅሶ አይቼው አላውቅም። ነገ ስንቱ ፅንስ እንደሆነ በስልክ እንደሚነግሩን ሐኪሟ አስረዳችን።

ማታውን መኪና ኋላ ወንበር ላይ ተጋድሜ ቡታጅራ ገባሁ። እማ ረዲያ ሌላ ነገር ሳይሉ "ስንት?" አሉኝ። ሰባት እንደሆነና ነገ እንደሚደወል ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ጎመን በአይብ አቀረቡልኝ።

በማግስቱ አረፋ ነው። ታርዶ፣ ተበልቶ፣ ወንዶቹ ሳሎን ተሰብስበው ተቀመጡ። እኔ ሆዴን ይዤ ከመጋረጃው ወዲህ ተኝቻለሁ፤ ሁሉም ይሰማኛል። ሐጂ ሸምሱ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

"እንግዲህ አልሐምዱሊላህ ተሰብስበናል። የከድር ጉዳይ አለ። ቤት ያለ ልጅ…"

የከድር ስልክ ጮኸ። ሐጂ እስኪቆም ጠበቁ። ከድር ተነሳ፤ ወደ ውጭ ሊወጣ መሰለኝ። እዚያው ቆሞ አነሳው። "አዎ። አዎ፣ እኔ ነኝ።" ከዚያ ማዳመጥ ብቻ ሆነ።

ከሴቶቹ መካከል የእማ ረዲያ ድምፅ ጮክ ብሎ መጣ፦

"ስንት?"

ከድር እናቱን አያት፣ ሰውን አየ። ኢንሻአላህ ብሎ የሚቀመጥ መስሎኝ ነበር። "አራት" አለ። "አራቱ ፅንስ ሆነዋል።"

"የምን አራት?" አሉ ሐጂ ሸምሱ።

"የልጅ ልጆቼ ናቸዋ!" አሉ እማ ረዲያ። "የከድርና የሙኒራ። አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ነው ያደሩት። የቱ እንደሚቆይ አላህ ያውቃል። ሐጂ፣ የጀመርከው ነገር ይቆይና እጅህን አንሳ፤ ዱዓ አድርግላቸው።"

አንዱ ሳል ሳለ። ከዚያ የሐጂ ሸምሱ ድምፅ፣ መጀመሪያ ግራ እየተጋባ፣ ኋላ እየጠነከረ፣ ዱዓውን ጀመረ። ጣውንት ሊያመጡልኝ የተሰበሰቡት ወንዶች ሁሉ በአንድ ድምፅ "አሚን" ሲሉ ቤቱ አስተጋባ። እኔም ትራሴን ነክሼ አሚን አልኩ።

ከአራቱ ሁለቱ አደጉ። አንዷን በዚያው ሳምንት ማህጸኔ ውስጥ አስቀመጡልኝ፤ አልቆየችም። ደሙ ሲመጣ እማ ረዲያ በራችንን ዘግተው ሊጠይቁ የመጡትን ጎረቤቶች "ሐዘን ላይ ነን" ብለው መለሱ። ሌላ ማንም ሐዘን ብሎ አልጠራልኝም ነበር። ሁለተኛዋ በቅዝቃዜ ተቀምጣ ቆይታ ጥቅምት ላይ ገባች።

አሁን የሰባት ወር እርጉዝ ነኝ። መሃል ላይ ደም ስላየሁ ሐኪሟ ጉዞ ከልክላኝ አዲስ አበባ ከከድር ጋር ሱቁ ኋላ ባለች አንዲት ክፍል ነኝ። ብዙ ጊዜ በጀርባዬ ተኝቼ ጣራ አያለሁ፤ አሁንም እፈራለሁ፤ ሽንት ቤት በሄድኩ ቁጥር ደም አለ የለም ብዬ አያለሁ። እንደኔ በር የተዘጋባት ብትኖር የምመክራት ትንሽ ነው፦ ባልሽ የት እንደሚያድር ለሐኪሙ ንገሪው፣ ቱቦሽን ቀድመሽ ታይ፣ ከአማትሽ ጋር አንድ ጊዜ በደንብ ተጣዪ።

አረፋ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ትናንት ለእማ ረዲያ ደውዬ ዘንድሮ እንደማልመጣ ነገርኳቸው። "አውቃለሁ" አሉኝ። በዚህ ዕድሜያቸው አንድም አረፋ ከቡታጅራ ውጭ ውለው አያውቁም። ቤቱን ቆልፈው ቁልፉን ለሐጂ ሸምሱ ሊሰጡ ነው፤ ሐሙስ እኔ ጋ ይገባሉ። ጎመን መርካቶ አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ።